ያለ አሳማው የተላከ ይቅርታ

ማንበብ አትችልም ብለው ነው የዘለሉኝ። ሌላ ምክንያት የለም። ወንድሜ ሴሚሲ «እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው እንጂ እትዬ» እያለ ይማል ይገዘታል። እኔ ግን ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት በጆሮዬ ነው፤ ቃል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። «እንዳናስቸግርሽ» ማለት «አንቺ መሃይም፣ ምን ትረጂናለሽ» ማለት ነው።

በእኛ በቶንጋዎች ደንብ የአባት ታላቅ እህት ፋሁ ትባላለች። ለቅሶ ላይ የክብሩ ቦታ የእሷ ነው። ሰርግ ላይ ትልቁ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሰጠው ለእሷ ነው። የወንድሟ ልጆች ሲዳሩም ሆነ አገር ሲለቁ እሷ ሳትጠየቅ አንዲት እርምጃ አይሄዱም። አሜሪካ፣ ዩታ ስንመጣ ባሕሩ ቀርቶ ተራራ መጣ እንጂ ደንቡ አልቀረም። ታዲያ የሴሚሲን ሴት ልጅ፣ ላታይን፣ ኮሌጅ ለራግቢ እንዲመለምላት ብለው ወረቀት ጽፈው ሲልኩ እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ቤት! ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ጎደሬያቸውን እየላጥኩ! እናቷ የታመሙ አባቷን ልታስታምም ቶንጋ ከሄደች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጎደሬ ለመላጥ ፊደል አያስፈልግማ።

ያወቅሁት መልሱ ሲመጣ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላታይ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወርውራ ግድግዳ ላይ ተደገፈች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አክስቴ።»

«ምንም ዓይን አያቀላም። ማነው የመታሽ?»

«ማንም አልመታኝም።»

«እሱማ ማን ይደፍራል። ንገሪኝ ይልቅ።»

ስልኳን አውጥታ እያየች ነገረችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአንድ ኮሌጅ የራግቢ አሰልጣኝ የስፖርት ሲቪዋን ልካ ነበር። ያ ኮሌጅ የሴቶች ራግቢ ቡድን አለው፤ ላታይ ከልጅነቷ የምትመኘውን የወጌሻነት ትምህርትም ይሰጣል። ቡድኑ ከተቀበላት ትምህርቱም በዚያው ይሆንላታል። ካልተቀበላት እንደ አጎቷ ልጆች መጋዘን ገብታ ካርቶን ልትደረድር ነው። ሌላ ያመለከተችበት ቦታ የለም።

«ምን ብላ መለሰች ሴትዮዋ?»

አነበበችልኝ። «ውድ ላታይ፣ ወረቀትሽ ደርሶኛል። ከጻፍሽው ግን ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሆንሽ ማወቅ አልቻልኩም። የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቁጥርና ቪዲዮ ካለሽ እስከ ነገ ማታ ላኪልኝ። ከሌለሽ መልካም ዕድል። አሰልጣኝ ማርሲ።»

«የላክሽላትን ደግሞ አንብቢው።»

«ይቅርብሽ አክስቴ።»

«አንብቢ ነው ያልኩሽ!»

አነበበች። የሰማሁትን ቃል በቃል ላስቀምጠው፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሚይዘው በጭንቅላቱ ነው።

«ስሜ ላታይ ነው። ራግቢ ትንሽ ትንሽ እጫወታለሁ። ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ልጆች አሉ። አሰልጣኛችን ታግሶኝ አራት ዓመት ተጫውቻለሁ። ጉልበቱን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ያደረግሁት የለም። ቡድናችን ያሸነፈው በጓደኞቼ ልፋት ነው። ብትቀበሉኝ ውሃ በማመላለስም ቢሆን አገለግላለሁ።»

ይህን ስታነብ ሴሚሲ ከሥራ ገባ። ሴሚሲ የሰው ግቢ ድንጋይ የሚያነጥፍ ሰው ነው፤ ጫማው ላይ ያለው አቧራ ብቻ አንድ ግቢ ይሞላል። በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ፊቱ በራ።

«ሰማሽ እትዬ? የጨዋ ልጅ ወረቀት ማለት ይህ ነው። ፓስተራችንም አይተውት በጣም ነው የወደዱት።»

«ራግቢ የምትጫወተው ለፓስተሩ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ማለቴ ትሕትናዋን...»

«ሴሚሲ፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ ተቀመጥ ካልኩት ይቀመጣል።

«አባታችን ለባላባቱ አሳማ ሲያቀርብ ምን ይል ነበር?»

«ያው ደንቡ ነዋ። ‹ይቅርታ ይደረግልን፣ ይህችን ኢምንት ነገር ይዘን መጣን፣ ለእርስዎ የምትሆን እንኳ አይደለችም› ይል ነበር።»

«አሳማው ምን ያህል ነበር?»

«ኧረ እሱ! ስድስት ሰው ነው የሚሸከመው።»

«ባላባቱስ ‹ኢምንት ከሆነማ መልሱት› አለ?»

«እንዴት ብሎ! አሳማው ፊቱ ተጋድሞ እያየው!»

«ጎሽ። አሁን ይህች ማርሲ የምትባለው ሴትዮ ፊት የተጋደመው አሳማ የታለ? ይቅርታውን ብቻ ነው የላካችሁላት! እሷ ምን ታድርግ? ኢምንት ነን አላችሁ፣ ኢምንት ናችሁ ብላ አመነቻችሁ። ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም።»

ላታይ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ አመለጣት።

«አሳማው እኔ ነኝ ማለት ነው አክስቴ?»

«አንቺማ ዛሬ ጠቦት ሆነሻል። ዝም በይ።»

«እሺ፣ ምን ይደረግ?» አለ ሴሚሲ። «ልጅቷ ቁጭ ብላ ራሷን ታወድስ? እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እኔ ጠንካራ ነኝ ትበል? ማን አሳደጋት ይባላል!»

«እሷ አታወድስም። ያየ ሰው ነው የሚናገርላት።»

«ማነው ያየ? አሰልጣኛቸው እንደሆነ የጥርስ ሐኪም ነው። በጎ ፈቃደኛ። የጨዋታውን ውጤት መዳፉ ላይ ጽፎ እጁን ይታጠባል። ኳስ ይዞ ከሚሮጠው ስንት ሰው ይዛ እንደጣለች ማን ቆጠረ?»

ማን እንደቆጠረ እኔ አውቃለሁ። ግን ቃል ነበረብኝ።

የላታይ ታላቅ ወንድም ፔኒ ይባላል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ከአባቱ ጋር ድንጋይ ያነጥፋል። በእኛ ቤት ወንድምና እህት ልጅነት ካለፈ አንድ ሶፋ ላይ አይቀመጡም፣ ጎን ለጎን ሆነው ቴሌቪዥን አያዩም። ወንድም ስለ እህቱ ገላ በሚወራበት ቦታ አይቆምም፤ ይህ ክብሯ ነው። ራግቢ ደግሞ ከገላ ሌላ ምን አለው? ጭን ነው፣ ትከሻ ነው፣ ጭቃ ነው። ስለዚህ ፔኒ እህቱ ስትጫወት ሜዳው አጠገብ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ላታይ የምታውቀው እንደዚያ ነው። የጓደኞቿ ወንድሞች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲጮኹ ባየች ጊዜ አንድ ቀን ቤት ገብታ «የእኔ ወንድም ሲሚንቶ ይበልጥበታል» አለች። ሰምቼ ዝም አልኩ።

እውነቱ ሌላ ነው። ከሜዳው ጀርባ የጎማ መሸጫ አለ። ፔኒ አራት ዓመት ሙሉ በየጨዋታው ከዚያ ጎማ መሸጫ ግቢ መኪናውን አቁሞ፣ መሪው ላይ ደብተር ዘርግቶ፣ በአጥሩ ሽቦ መካከል ያያል። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ አጠገቡ ተቀምጬ ዶሮ እየበላሁ ነዋ። «አክስቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ምስጢር እጠብቃለሁ፤ እስከሚያስፈልግ ድረስ።

ተነሥቼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ፔኒ አካፋ እያጠበ ነበር።

«ደብተሩን አምጣ።»

«የቱን ደብተር?»

«የቱን ትለኛለህ? ስንት ደብተር አለህ አንተ፣ ከአሥረኛ ክፍል የኮበለልክ!»

አካፋው ከእጁ ወደቀ። «አክስቴ፣ አይሆንም። ካወቀች በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ድሮስ መቼ አይተሃት ታውቃለህ? አምጣ!»

«ያፈርኩ እንደሆነስ?»

«ከሐፍረት የሞተ ሰው ቀብሬ አላውቅም። ብዙ ሰው ነው የቀበርኩት። አምጣ።»

ከመኪናው ኪስ አወጣው። ሽፋኑ በሲሚንቶ ደርቋል፣ ጠርዙ ዶሮ የበላሁበት ጣቴ ታትሞበታል። በየገጹ ያሰመረው መስመር ግን እንደ ግቢ ንጣፉ ቀጥ ያለ ነው። ይዛ የጣለቻቸው፣ ያመለጧት፣ ኳስ ይዛ የገፋችባቸው፣ ያስቆጠረቻቸው። ቪዲዮም አለው፣ ስልኩ ውስጥ። እንግዲህ ቪዲዮው ላይ የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል፤ ከዚያም በላይ የእኔ ድምፅ አለ። «ጣያት! ጣያት ይቺን ዱባ!» የሚል።

«ድምፅሽን መቁረጥ አልችልም» አለ ፔኒ ተጨንቆ።

«ማን ቁረጥ አለህ?»

ሥራው በዚህ ተጀመረ። ኮምፒውተር የሚችለው ፔኒ ነው፤ የላታይ ከተሰበረ ወር አልፎታል። እሱ ጋራዥ ውስጥ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ኮምፒውተሩን አስቀምጦ ተንበረከከ። እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ናት። በመካከላቸው አንድ ኮሪደር፣ አንድ በርና የእኔ የታመመ ጉልበት አለ።

«ቁመቷን ጠይቂልኝ» አለ ፔኒ።

ሄድኩ፣ ጠየቅሁ፣ ተመለስኩ። «አምስት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች።»

«የምትጫወትበት ቦታ እንኳ ይታወቃል፤ ሰባት ቁጥር ናት። የትምህርት ውጤቷን ጠይቂ።»

ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ነገርኩት። ጻፈ። ከዚያ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ መሬት መሬት አየ።

«ምነው?»

«ቀጥሎ... ክብደት ይላል። እኔ አልሰማም። እንዳትነግሪኝ!»

«ሳልነግርህ እንዴት ትጽፈዋለህ?»

«አንቺ ጻፊው!»

«እኔ መጻፍ ብችል ኖሮ ከአንተ ጋር እዚህ ሲሚንቶ ላይ ምን እሠራለሁ!»

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወጥ ቤት ገባሁ። «ክብደትሽን እዚህ ጻፊ።»

ላታይ ቀስ ብላ ጣቷን ዘረጋች። «መቶ ስልሳ ፓውንድ።»

«መቶ ስልሳ? ግራ እግርሽ ብቻዋን?»

«አክስቴ!»

«ሚዛን ላይ ውጪ።»

ከመታጠቢያ ቤት ሚዛኑን አመጣሁና አቆምኳት። ቁጥር አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ በክምር እየመዘንኩ ነው የኖርኩት። መቶ ሰማንያ ስምንት።

«ይኼ ነው እንጂ! እንዲህ ያለ ንብረት ይዘሽ ከማን ነው የምትደብቂው?»

«ልጆቹ ሁሉ እኮ ቀንሰው ነው የሚናገሩት።»

«ልጆቹ ሚዜ ሊሆኑ ነው። አንቺ ልትገፊ ነው። ጻፊ!»

ጻፈች። ኮምፒውተሩን መልሼ ወሰድኩት። ፔኒ ዓይኑን ጨፍኖ በዳበሳ ያንን መስመር በግራጫ ፕላስተር ሸፈነው። ሌላው ሥራ ሁሉ ያለቀው ስክሪኑ ላይ ያ ፕላስተር እንደተለጠፈ ነው።

ቁጥሩን ደምሮ ሲጨርስ «ልጅቷ ታመሳክረው» ብዬ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ማመሳከር አላስፈለገም ነበር። ፊቷ ወረወርኩትና ጎደሬዬን መላጥ ጀመርኩ።

ገለጠችው። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። የእጅ ጽሕፈቱን አወቀችው።

«ይኼ የማነው?»

«የሲሚንቶው።»

ገጽ ስትገልጥ ብቻ ይሰማኛል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በመጀመሪያው ጨዋታ አንድም ሰው ሳትጥል የወጣችበትን ቀን አገኘችው። እዚያ ፔኒ ምን ጽፎ እንደነበር እሷው አነበበችው፤ «ዛሬ ፈርታለች። በሚቀጥለው አትፈራም።» ላታይ የልብሴን ጫፍ ይዛ አፍንጫዋን ጠረገችበት። የታጠበ ልብስ ነበር። ዝም አልኳት።

ብዙ አልቆየም ግን። ድንገት ቀና አለች።

«አራት? ከቀዮቹ ጋር ስንጫወት ያመለጠኝ ሦስት ነው! አራት ብሎ ጽፏል!»

«ሂጂና ንገሪው» ልላት ነበር፤ አትሄድም። ስለዚህ እኔው ሄድኩ።

«ሦስት ነው ትላለች።»

«አራት ነው በያት። አንዷን ልጅ በልብሷ ይዛ ለቀቀቻት።»

ተመለስኩ። «በልብሷ ይዘሽ ለቀቅሻት ይላል።»

«ልብሱ ተቀዶ እኮ ነው! የተቀደደ ልብስ ምን አድርጌ ልያዝ?»

«ተቀዶ ነው ትላ—»

«ወገቧን መያዝ ነበረባት!» ብሎ ጮኸ ከጋራዡ፣ እኔ ኮሪደሩ መካከል ሳለሁ።

«ወገቧ ላይ ሌላ ልጅ ነበረች! አንተ ከጎማ መሸጫ ሆነህ ምን ታያለህ!»

«ከአንቺ ይልቅ እኔ አያለሁ!»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በራሴ ላይ ድምፃቸውን እያሻገሩ ይጯጯሃሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ በሦስተኛ ሰው ነበር የሚባባሉት። አንዱ ሌላውን አያይም፣ ደንቡም አልተነካ። ከዚህ የተሻለ ድግስ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ሦስት ተኩል እንዲሆን ተስማሙና ፔኒ ግማሽ የሚባል ነገር የለም ብሎ አራት አደረገው።

ሴሚሲ ታጥቦ መጥቶ የተጠናቀቀውን እንዲያነቡለት ጠየቀ። ባለፈው ዓመት በአሥራ ሁለት ጨዋታ መቶ አርባ ሦስት ሰው ይዛ ጥላለች። አሥራ አንድ አምልጠዋታል። ዘጠና ሰባት ጊዜ ኳስ ይዛ ገፍታለች። ዘጠኝ ጊዜ አስቆጥራለች። ሴሚሲ መቶ አርባ ሦስት ሲባል ደረቱ ሲነፋ አየሁት፣ ወዲያው ግን አስተነፈሰው።

«በዛ። ጉራ ይመስላል። ደግሞ አሥራ አንዱን ለምን ትጽፋላችሁ? መጥፎውን አውጡት።»

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር» አለ ፔኒ ከበሩ ማዶ።

«አይወጣም» አልኩ። «ጉራ መሰለ እያልክ ትጮኻለህ፤ ያመለጣትን ጻፍን ስትባል ደግሞ ትጮኻለህ። ትሕትና ስትል አልነበር? ያቺ አሥራ አንድ ናት ትሕትናህ። መቶ አርባ ሦስቷ አሳማው፣ አሥራ አንዷ ይቅርታው። አሁን ደንቡ ሞላ።»

ወንድሜ አሰበና «እሱስ ልክ ነው» አለ። ልክ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ።

ከታች ደግሞ ስለ ተጫዋቿ የሚጠየቁ ሰዎች የሚል አለ። የጥርስ ሐኪሙና ፓስተሩ ተጽፈዋል።

«የእኔንም ስልክ ጻፍ» አልኩት ፔኒን።

«ሥራ የሚል አለ አክስቴ። ምን ልበል?»

«ፋሁ በል።»

«አይገባቸውማ።»

«ካልገባቸው ደውለው ይጠይቁ። ስልኩ ለምን ተጻፈ?»

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተላከ። ፔኒ ፕላስተሩን ያነሣው እሱ ጋራዡን ለቅቆ ወጥቶ ላታይ መጥታ ኮምፒውተሩን ከዘጋችው በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ውስጥ ድንጋይ እያጋልን ነበር፣ ለምግብ ማብሰያ። ሥጋውን በጎደሬ ቅጠል እጠቀልላለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሄሎ፣ አሰልጣኝ ማርሲ ነኝ። የላታይን... ፋሁ? እንዲህ ነው የሚባለው? ምን ማለት ነው?»

እንግሊዝኛዬ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ የተለቀመ ነው፤ ግን ያጸዳል። «አለቃ ማለት ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሴሚሲ የያዘውን እንጨት ጥሎ መጣ። ላታይ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፔኒ ከአጥሩ ጥግ እሷን በማያይበት አንገቱን አስግጎ ይሰማል። ስልኩን ከፍ አድርጌ ሁሉም እንዲሰማ አደረግሁ።

«እኔ ሃያ ዓመት ስመለምል» አለች ማርሲ፣ «ቤተሰብ ሁሉ ትልልቅ ቁጥር ይልክልኛል። ብዙ ጊዜ አላምንም። ያመለጣትን ቆጥሮ የላከልኝ ግን የእናንተ ቤት ብቻ ነው። ማነው የቆጠረው?»

«ወንድሟ።»

«እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! ለምን ብሎ?»

«ለምን ትይኛለሽ? ወንድሟ ነዋ!»

«ቪዲዮው ላይ የሚጮኸውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ገምቼ ነበር» አለችና እንደገና ሳቀች። «እንግዲህ በግልጽ ይንገሩኝ። ደካማ ጎኗ ምንድነው?»

ሴሚሲ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ ቀስ በይ እንደማለት። ቀስ ብዬ አላውቅም።

«ከሜዳ ስትወጣ ራሷን ታሳንሳለች። የጣለቻትን ልጅ ይቅርታ ትጠይቃለች። ይህን እኔ ማረም አልቻልኩም፤ የአባቷ ነው፣ ከዘር ነው የመጣው። አንቺ ሞክሪ።»

የሆነ ነገር ስትጽፍ ይሰማኛል።

«ጥሩ» አለች። «ግን በወረቀት ብቻ ቦታ አልሰጥም። በዓይኔ ላያት እፈልጋለሁ። ሌሎች አራት ልጆችም ይመጣሉ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ከአምስቱ አንዷን ነገውኑ እወስናለሁ።»

ነገ እሁድ ነው። እኛ እሁድ አንጫወትም። እሁድ ልብስ አናሰጣም፣ ሣር አናጭድም፣ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ መኪና አናስነሣም። ጓሮው ውስጥ የሚጤሰው ድንጋይ ይንጣጣል። ሴሚሲ ፊቱን አዞረ። ላታይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ እንደ ሐሙሱ ግን አላለቀሰችም። እያየችኝ ነው። ፔኒ እንኳ ረስቶ ከአጥሩ ጥግ ወጥቶ ቆሟል።

«እሁድ አይሆንም» አልኩ።

«ይቅርታ፣ ቀኑን መቀየር አልችልም። ሌሎቹ ቲኬት ቆርጠዋል።»

«የሌሎቹን አትቀይሪ። እኔ የምነግርሽን ብቻ ስሚ።»

«እሺ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ነገ አራቱን እያቸው። ከአራቱ የምትወጅያትን ምረጪ፤ ጠንካራዋን፣ ይህቺን ማንም አይጥላትም የምትያትን። ወደ አገሯ አትስደጃት፣ አሳድሪያት። ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ አቁሚያት፣ ኳሱን አስይዣት፣ ወደ ላታይ እንድትሮጥ ንገሪያት። አንዴ አይደለም፣ አሥር ጊዜ። ከአሥሩ ሁለቴ ካለፈቻት ቦታውን ለእሷ ስጫት፣ እኔም አፌን ዘግቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ካላለፈቻት ግን ሌላ ወረቀት እንዳትጠይቂን፤ እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁሽ የወንድሜን ልጅ ስም ትጽፊያለሽ።»